ዘሩን ማን ወሰደው

ገዳሪፍ፣ ጥር 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

እታለም አገኘሽ፣

እንዴት ከረምሽ? እናታለምስ? ወገቧ ተሻላት? ጎረቤቱን ሁሉ በስም እየጠራሁ ልጠይቅ ብዬ ነበር፤ ወረቀቷ ትንሽ ሆነችብኝና ተውኩት። አንቺ በየስማቸው ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ከናፍቆት በቀር የሚያመኝ የለም፤ እሱም ሥራ ላይ ስሆን ይተወኛል።

በሎሪ ነጂው በኸሊል አፍ «ምን አግኝቶሽ ነው ያንን ዘፈን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያወጣሽው?» ብለሽ ልከሽብኛል። ኸሊል ቁጣሽን አንዲት ሳይቀንስ ነው ያደረሰው። ሎሪውን አቁሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ በዚያ ዓረብኛ በሚሸተው አማርኛው ሲጮህብኝ ቁርጥ አንቺን መሰለኝ። ስቄ ስቄ ሳበቃ አለቀስኩ።

እታለም፣ እኔ የዘፈንኩት ለወንድማችን ለዘሩ ነው። ከኮኪት ገበያ የማሽላ ጆንያ እንደ ተሸከመ ለብሔራዊ ውትድርና አፍሰው ሲወስዱት አንቺም እኔም ቆመን አይተናል። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። የኪነት ቡድኑ «ለመኸሩ በዓል አዲስ ዘፈን አምጪ» ሲለኝ ከሱ ሌላ ከልቤ የሚወጣ ነገር ጠፋ።

ማሽላው አሸተ፣ ሰሊጡም ደረሰ፤
ዘሩን ማን ወሰደው፣ ቤቴ እየፈረሰ?

ያልኩት ይኸው ነው። የመንግሥት እርሻው የሰሊጥ ዘር ከመጋዘን ወጥቶ ድንበር ተሻግሮ መሸጡን እኔ በምን ልወቅ? ሠራተኛው ግን ያውቅ ኖሯል። ያ ሁሉ ከጎጃምና ከወሎ የወረደ አጫጅ ብድግ ብሎ «ዘሩን ማን ወሰደው! ዘሩን ማን ወሰደው!» እያለ ሲያጨበጭብ፣ እኔ ሞኟ ለወንድሜ ያዘኑልኝ መስሎኝ እንባዬ መጣ። የኃላፊዎቹ ፊት ሲጠቁር ነው ነገሩ የገባኝ። መሲንቆ መቺያችን አያ ጀይሉ ቀስ ብሎ ጠጋ አለና «ልጄ፣ ዛሬ ካልተሻገርሽ ነገ አትሻገሪም» አለኝ። እሱም እኔን ተከትሎ አገሩን ጥሎ ወጣ።

እዚህ ሐበሻው ሰርግ ሲደግስ እኔ እዘፍናለሁ፣ አያ ጀይሉ ይመታል። ሱዳኖቹ «ፈናና» ይሉኛል። መጀመሪያ ስድብ መስሎኝ ተኮሳትሬ ነበር፤ ኋላ ዘፋኝ ማለት ነው አሉኝ። እናታለም «አዝማሪ ወለድኩ» ብላ እንዳታለቅስ «ልጅሽ ፈናና ሆናለች» በያት፤ ሹመት ይመስላታል።

ከዘሩ ወረቀት የመጣ እንደሆነ ሳታሳድሪ ላኪልኝ። ይህቺን አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ክተቻት።

ታናሽሽ አይናዲስ


ኮኪት፣ መጋቢት 30 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአይናዲስ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እናታለምም ጉንጭሽን ስማለች። ፊደሌ ቢጣመም እንዳትስቂ፤ በመሠረተ ትምህርት ሲያስተምሩኝ በስደት ላለች እህት ልጽፍበት ነው አላልኳቸውም።

«በኔ ምክንያት ምን ደረሰባችሁ?» ብለሽ በኸሊል አፍ ስለ ጠየቅሽው፣ ኃላፊዎቹ ጠርተውኝ ነበር። «ዘሩ የሚባለው ምንድን ነው?» አሉኝ። «ወንድሟ ነው፤ እናንተው ናችሁ የወሰዳችሁት» አልኳቸው። ተያይተው ሳቁ። «ሴትዮ፣ ቅኔውን ለኛ አትፍቺልን፤ ገብቶናል» አሉኝ። እውነት ተናግሬ ቅኔ ተብሎ ሲቆጠርብኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ደግነቱ የእርሻው ዘር ነገር ከበላይ ተሰምቶ እርስ በርስ መካሰስ ስለ ጀመሩ እኔን ረሱኝ። አንቺን ግን አልረሱም። እንዳትመጪ።

አሁን ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። ከዘሩ ወረቀት መጣ! ሰሜን ነው ያለሁት ይላል፤ የአገሩን ስም አልጻፈም። አንድ የምናውቀው ልጅ አብሮት አለ፤ ደምለው፣ ያ የዳሞት ልጅ፣ እኛ ዘንድ ሰሊጥ ሲያጭድ የከረመው። ከበዓሉ በኋላ እሱንም አፍሰው ሰደዱትና ዕጣው ከዘሩ ጋር አንድ ጦር ውስጥ ጣለው። ዘፈንሽን ያስተማረው እሱ ነው። «አይናዲስ እኔን ነው የዘፈነችው? እውነት እኔን?» እያለ ሁለት ቦታ ላይ ጽፏል። «ሆድ ሲብሰኝ እሷን አንጎራጉራለሁ፤ ድምፄ የአህያ ቢሆንም ግጥሙ የእህቴ ነው» ይላል። ወረቀቱን እናታለም ደረቷ ውስጥ ከታ አልሰጥም ስላለች ነው ያልላክሁልሽ።

ፈናና መሆንሽን ነገርኳት። «ከሊቀመንበር ይበልጣል?» አለችኝ። ይበልጣል አልኳት።

እህትሽ አገኘሽ


ካርቱም፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

እታለም፣

ይኸን ያህል ጊዜ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅር በይኝ። ኑሮዬን ወደ ትልቁ ከተማ አዛውሬ ስንከራተት ነው። ዛሬ ካሴት ልኬልሻለሁ። የኔ ካሴት ነው! መልኬም በላዩ አለ፤ አፍንጫዬን አሳጠሩት እንጂ እኔው ነኝ። ለእናታለም አሳያት። በየሐበሻው ሻይ ቤት እሱው ነው የሚጮኸው። መንገድ ላይ ሰው ያቆመኛል፤ «የዘሩ ዘፋኝ» ይሉኛል እንጂ ስሜን አይጠሩኝም።

«ከሸፈቱት ጋር ገብታለች የሚባለው እውነት ነው ወይ?» ብለሻል። ውሸት ነው። ድርጅት የተባለ ሁሉ እየመጣ «ዘፈኑ የኛ ነው» ይለኛል። አንዱ «ዘሩ የተበላው ትውልድ ነው» ይላል፤ ሌላው «አይደለም፣ መሬት ነው» ይላል። አንድ መነጽር ያደረገ ተማሪማ ያቺን አዲሷን ስንኝ ሲተነትን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

የኮኪት ደመና፣ ዝናብህ ምን ሊረባ፤
ዘሩ ሳይመለስ፣ ክረምቱ ቢገባ?

«ኧረ ወንድሜ ነው» ስለው «ትሕትናሽ ያስደንቃል» አለኝ። እኔ አንድ ዘሩ ብቻ ነው ያለኝ ብዬ ብምልም የሚያምነኝ አጣሁ። አንቺንስ ያላመኑሽ ደርጎች ናቸው፤ እኔን ያላመኑኝ የደርግ ጠላቶች ናቸው። በዚህስ ይስማማሉ።

አንድ ነገር ግን እሺ አልኳቸው። ዘፈኑን በሬዲዮናቸው እናሰማ ብለው ለመኑኝ። ፖለቲካው ገብቶኝ አይደለም። ወታደሩ ምሽግ ውስጥ ተደብቆ ያንን ሬዲዮ እንደሚያዳምጥ ስለ ነገሩኝ ነው። ዘሩ ድምፄን ከሰማ እኔ በሕይወት እንዳለሁ፣ የት እንዳለሁም ያውቃል። አንድ ቀን መንገድ ከተከፈተለት ወዴት እንደሚመጣ ያውቃል። ዝናው ለኔ ምኔ ነው? እኔ የምዘፍነው እሱ እንዲሰማኝ ነው።

ከሱ ሌላ ወረቀት መጣ? ምነው ስለሱ አሳጠርሽብኝ?

አይናዲስ


ኮኪት፣ ግንቦት 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአይናዲስ፣

መልስ በማዘግየቴ አትቀየሚኝ። ታምሜ ነበር፤ አሁን ተነስቻለሁ።

ኸሊል ጠጉሬን ተላጭቼ እንዳየኝ ነግሮሽ ደንግጠሻል። ሙቀቱ ነው። የዚህን አገር ሚያዝያ ረሳሽው እንዴ? ቀሚሴን ጥቁር ያስነከርኩትም ስለ ነጣ ነው። ኸሊል ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ያየውን ሁሉ ይናገራል። እናታለም አለች። እህል ትቀምሳለች።

ስለ ዘሩ ጠይቀሻል። ዘሩ ካለበት አልተነቃነቀም። ወረቀት የለም፤ መንገዱን ታውቂዋለሽ።

አይናዲስ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ያንን ዘፈን ተይው። ሌላ መቼ ቸገረሽ? የሙሽራ ዘፈን ታውቂያለሽ፣ የፍቅር ታውቂያለሽ። ያቺን ካሴት እናታለም ፊት አንድ ቀን ከፈትኩላት፤ ተነስታ ወጣች። አሁን ጎረቤቱም እሷ ስታልፍ ቴፑን ይዘጋል። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ታላቅሽ ነኝ፣ ብዙ ጊዜ ለምኜሽ አላውቅም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለአያ ጀይሉ አንዲት ወረቀት አለች። የመሲንቆ ጭራ ጉዳይ ነው፤ ሳትከፍቺ ስጪው።

እህትሽ አገኘሽ


ኮኪት፣ ግንቦት 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለአያ ጀይሉ፣

እንደምን ከርመዋል? የማዝን እህትዎ አገኘሽ ነኝ። ይህን ብቻዎን ሆነው ያንብቡልኝ፤ ሲጨርሱም ያቃጥሉት።

ዘሩ የለም። ወንድማችን ሞቷል።

ደምለው ፈንጂ አንድ እግሩን ቆርጦት ተሰናብቶ መጣ፤ አገሩ ከመግባቱ በፊት እኛን ሊያረዳ በዚህ አለፈ። የነገረኝን ልንገርዎ። ዘሩ ያንን ዘፈን ማንጎራጎር ይወድ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ ይወድለት ነበር። ኋላ የዚያኛው ወገን ሬዲዮ ዘፈኑን ያሰማ ጀመር፤ ዘፈኑም የጠላት ዘፈን ተባለ። ደምለው «ተው» ብሎት ነበር። «የእህቴ ነው፣ ምን ይሉኛል?» አለው። አንድ ቀን ምሽግ ሲቆፍር እያዜመ የፖለቲካ ኃላፊው ደረሰበት። «ይህ ዘሩ የምትሉት ማነው?» አለው። «ዘሩ እኔ ነኝ» አለ የኔ የዋህ። ያሾፈበት መሰለው። ይዘውት ሄዱ። በማግስቱ ጦሩን አሰልፈው እርምጃ ተወስዶበታል ብለው አነበቡ።

አያ ጀይሉ፣ እሷ ዘሩን ማን ወሰደው እያለች በየሰርጉ ትጠይቃለች። የወሰደው ዘፈኑ ነው። ይህን ለሷ በምን አፌ ልንገራት? ይስማኝ ብላ በፈቃዷ ለሬዲዮ የሰጠችው ዘፈን ነው።

መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ያውቁታል። ሰው አገር፣ እናት ሳትይዛት፣ ዘመድ ሳያቅፋት እንዴት ትረዳለች? እኔ ልምጣ ብል የይለፍ ወረቀት አይሰጡኝም፤ የሷ እህት ነኝና ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ስለዚህ መንገድ እስኪከፈት እርስዎም አይንገሯት። አንድ ቀን እሷን እዚህ አምጥተን ሞቱን እናረዳታለን። የሞተበትን ምክንያት ግን እኔ እስካለሁ አትሰማም። ለእናታችንም አልነገርኳት።

እርስዎን የምለምንዎ ያንን ዘፈን እንድታቆም ነው። መሲንቆው እምቢ ካለ ትተወው ይሆናል። በመድኃኔዓለም ይዤዎታለሁ።

አገኘሽ


ካርቱም፣ ነሐሴ 2 ቀን 1981 ዓ.ም.

እታለም፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? የእናታለምን መሻል ስሰማ ደስ አለኝ። ጋቢ ልኬላታለሁ።

«ዘፈኑን ተውሽው ወይ?» ብለሽ ደግመሽ ጠይቀሽኛል። አልተውኩትም። አንቺም አያ ጀይሉም ምን እንደ ነካችሁ አላውቅም። ያ ሰውዬ ሌላውን ሁሉ ይመታል፤ «ማሽላው አሸተ» ስል ብቻ እጁን ያመዋል። አንድ ቀን የመሲንቆው ጭራ ተበጠሰ አለኝ፤ በዓይኔ በብረቱ እያየሁ ራሱ ነው የበጠሰው። ተጣላን። የሞቀ ሰርግ መሃል ጥሎኝ ወጣ። አሁን ኦርጋን የሚመታ ልጅ ቀጥሬያለሁ፤ ቆንጆ ይመታል፣ ግን ለኔ አያለቅስልኝም። አያ ጀይሉ ገዳሪፍ ተመልሶ ከእጣን ነጋዴዎች ጋር ይውላል አሉ። እንደ አባት ነበር የማየው፤ አንጀቴን ነው የቆረጠው።

እዚህም መንግሥት ተገለበጠ። ሰዓት እላፊ ነው፣ ዘፈን የሚጠላ ነው የመጣው፤ ሰርግ በጠራራ ፀሐይ ሆኗል። ሰው የሚጠራኝ ለዚያች ዘፈን ብቻ ነው። አዳራሹ ሙሉ ሆኖ እያጨበጨበ አብሮኝ ሲጠይቅ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው አንዱ እንኳ ለዘሩ ያደርስልኛል እላለሁ። ይህን ነው ተይ የምትይኝ? ዘፈኑን የተውኩት ዕለት ወንድሜን ፈልጌ እንደ ደከመኝ ነው የሚቆጠረው። ዘሩ ይሙት፣ አልተወውም! እሱ ራሱ መጥቶ «በቃሽ» እስኪለኝ ድረስ እዘፍነዋለሁ።

ሳልቆጣ ልጽፍ ነበር የጀመርኩት። እንግዲህ አንዴ ተጽፏል።

አይናዲስ


ኮኪት፣ ጥቅምት 20 ቀን 1982 ዓ.ም.

አይናዲስ እህቴ፣

አልተቀየምኩም። ዝፈኚው። ዳግመኛ ተይ አልልሽም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። «ዘሩ ይሙት» እያልሽ አትማይ። ሲቸግርሽ በኔ ማይ፤ «አገኘሽ ትሙት» በይ። እኔ እዚህ አለሁ።

አያ ጀይሉን ይቅርታ ጠይቂው። እናታለም ጋቢውን ለብሳዋለች። ጦርነቱ ወደኛ እየቀረበ ስለሆነ ኸሊል ለጊዜው አይመላለስም። ዝም ካልኩ ክፉ አይምሰልሽ።

አገኘሽ


ኮኪት፣ ሰኔ 4 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአይናዲስ፣

እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ደርግ ወድቆ መንገዱ ተከፍቷል። አዲሶቹ ሰዎች ጎንደር ላይ በትልቁ ሜዳ እንድትዘፍኚ እንደ ጠሩሽ፣ ያቺኑ ዘፈን እንደሚፈልጉም ጽፈሻል። «መጀመሪያ ጎንደር ልሂድ ወይስ እናንተ ጋ ልምጣ?» ስላልሽው፣ መጀመሪያ ወደኛ ነይ። ጎንደር የትም አይሄድም።

ስትመጪ ግን ማታ እንዳትገቢ። ጋላባት እደሪና በማለዳ ተሻገሪ። አጎታችን አቶ ፈረደ ድልድዩ ላይ ይጠብቁሻል፤ አያ ጀይሉም ከገዳሪፍ መጥቶ ከሳቸው ጋር ይሆናል። ኸሊል በሎሪው ያደርሳችኋል። ብቻሽን መንገድ እንዳትጀምሪ።

ባለቀለም ልብስ አታብዢ፤ አቧራ ነው።

እናታለም እየጠበቀችሽ ነው። እኔም።

አገኘሽ


ጋላባት፣ ሰኔ 19 ቀን 1983 ዓ.ም.

እታለም አገኘሽ፣

ዛሬ ሰላምታ አላበዛም። ወንዙ ማዶ መተማ ይታየኛል። የአገሬ ጭስ ይሸተኛል።

«በማለዳ ነይ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ገዳሪፍ ላይ ሳነበው ደስታዬ ስለ በዛ ዝም ብዬ አለፍኩት። እዚህ ደርሼ ደግሜ ሳነበው ነው የነቃሁት። እኛ አገር ሰው በማለዳ የሚጠራው ለምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፤ እኮ ከዚያው ነው የተወለድኩት። አጎቴ ፈረደ፣ አያ ጀይሉ፣ ባለቀለም አትልበሺ፣ ብቻሽን አትምጪ። ጠጉርሽ። ቀሚስሽ። «ካለበት አልተነቃነቀም።» እኔ ደግሞ በስሙ ስምል ነበር፤ ምን ያህል አቃጥዬሽ ይሆን፣ እታለም።

እናታለም እንዳልል ጋቢውን ለብሳዋለች። ዘሩ ነው። አይደለም እንዳትይኝ።

አልተቀየምኩሽም። እኔ ብሆንም እንዳንቺ አደርግ ነበር። አያ ጀይሉም የመሲንቆውን ጭራ ለምን እንደ በጠሰ አሁን ገባኝ፤ ለሞተ ሰው «የት አለህ» እያልኩ ስጨፍር ማየት አቅቶት ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ሰው ጠርቼ ያስጨበጨብኩት ለካ በመቃብሩ ላይ ነው። ጎንደር አልሄድም፤ ልኬባቸዋለሁ።

አንዲት ነገር ብቻ ሳልሻገር ንገሪኝ። ቤት ከገባሁ ለቅሶ ነው፣ ሰው ነው፣ አልጠይቅሽም፤ ብጠይቅሽም አትመልሽልኝም። የሞተበትን ቦታ አልጠይቅሽም፣ ቀኑንም። ይህችን ብቻ። ዘፈኔ ደርሶት ነበር? ድምፄን በዚያ ሬዲዮ አንድ ጊዜ እንኳ ሰምቶት ነው የሞተው ወይስ ሳይሰማኝ? እህቴ አለች፣ ትፈልገኛለች ብሎ ከሆነ የሞተው፣ እኔ ይበቃኛል። እችለዋለሁ። ሳይሰማኝ ከሆነ ግን የደከምኩት ሁሉ ለምን ነበር?

ኸሊል መልስሽን እስኪያመጣልኝ እዚህ ድልድዩ ዳር ተቀምጫለሁ። በዚሁ ወረቀት ጀርባ ጻፊልኝ።

ታናሽሽ አይናዲስ


(በዚያው ወረቀት ጀርባ)

አይናዲስ የኔ እናት፣

ሰምቶታል። ደምለው አጠገቡ ስለ ነበር አይቶ ነግሮናል። በሬዲዮ ድምፅሽ ሲመጣ ሁሉን ዝም ያሰኝ ነበር አለ። ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር ያውቀው ነበር። እስከ መጨረሻው ቀን ይዘፍነው ነበር።

ሌላ የምነግርሽ የለኝም።

በኸሊል ዳቦ ልኬልሻለሁ። እህል ቅመሽና ነይ።

አገኘሽ